ማንቁርት ለሌለው ሰው ቃልን መመለስ

ሰው ድምፁን የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ ሲዘጋበት ነው። ብርድ መትቶት የጎረነነ ሰው ሁለት ቀን በዝምታ ይሰነብትና ድምፁ ሲመለስለት ነገሩን ይረሳዋል። ማንቁርቱ በካንሰር ተይዞ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ግን እንዲህ ያለ ተስፋ የለውም። ቢጠብቅ ቢጠብቅ ድምፁ በራሱ ጊዜ አይመለስም፤ ሌላ መንገድ ሊበጅለት፣ እርሱም በዚያ መንገድ መሄድን እንደ ሕፃን ሊማር ግድ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት የዚያን መንገድ ታሪክ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከዜማ ቤት ነው። ማኑዌል ጋርሲያ የተባለ ስፔናዊ የዘፈን መምህር እ.ኤ.አ. በ1854 በሁለት መስተዋቶችና በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ የገዛ ጉሮሮውን ውስጥ ተመለከተ። የድምፅ አውታሮቹ ሲከፈቱና ሲገጥሙ አየ። መምህሩ የፈለገው የዜማን ምንጭ ማወቅ ነበር፤ ሐኪሞች ግን መስተዋቱን ተቀብለው የማንቁርትን በሽታ ይመረምሩበት ጀመር።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1873 በቪየና ቴዎዶር ቢልሮት የተባለው ስመ ጥር ቀዳጅ ሐኪም ካንሰር የያዘውን አንድ ማንቁርት ሙሉ በሙሉ አወጣ። ቢልሮት ራሱ ሙዚቃ ወዳጅ ነበር፤ ዮሐንስ ብራምስ በዚያው ዓመት ያሳተማቸውን ሁለት የአውታር ኳርቴቶች ያበረከተው ለእርሱ ነው። ታካሚው ደግሞ የሃይማኖት መምህር ነበር፤ እንጀራው በቃሉ ላይ የቆመ ሰው። የቢልሮት ረዳት የነበረው ካርል ጉሰንባወር በሃርሞኒካ ውስጥ እንዳለው ያለ የሚርገበገብ የብረት ምላስ የተገጠመበት ሰው ሠራሽ ማንቁርት ሠራለት። መምህሩ ከፍታና ዝቅታ በሌለው አንድ ወጥ ድምፅ እንደገና ተናገረ። ይሁን እንጂ ካንሰሩ ተመልሶበት በማግሥቱ ዓመት ዐረፈ።

ከዚያ በኋላ የመጡ ሐኪሞች ምግብና ምራቅ ወደ ሳንባ እየገቡ በሽተኞችን እንዳይገድሉ የአየር ቧንቧውን ከጉሮሮ ፈጽመው ለዩት፤ ጫፉንም በአንገት ፊት ለፊት ከቆዳ ጋር ሰፉት። ታካሚው በአንገቱ ቀዳዳ እየተነፈሰ ነፍሱ ተረፈች፤ ነገር ግን ትንፋሹና አፉ ተለያዩ። ከንፈሩ፣ ምላሱ፣ ጥርሱ ሁሉ በቦታቸው ሳሉ የሚነፍስባቸው አየር አጡ። ብዙዎች አየርን ወደ ምግብ ቧንቧ አስገብቶ እንደ ግሳት እያወጡ መናገርን ተማሩ። ልምምዱ ረጅም ነው፤ ያልተሳካላቸውም ጥቂት አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ1932 ጉትማን የተባለ ሐኪም በአሜሪካ የመዘገበው ታሪክ ሰው ለቃል ምን ያህል እንደሚራብ ያሳያል። ማንቁርቱ የወጣለት አንድ ሰው በጋለ የበረዶ መውጊያ ወስፌ የገዛ ጉሮሮውን ወጋ። ወስፌው በአየር ቧንቧውና በምግብ ቧንቧው መካከል ያለውን ግድግዳ በሳ፤ ሰውየውም የአንገቱን ቀዳዳ በጣቱ ሲደፍን ትንፋሹ በብሱ በኩል ወደ አፉ ወጣና ተናገረ። ችግሩ ትንፋሽ ያለፈበት ብስ መጠጥንም ወደ ሳንባ ማሳለፉ ነበር። ስለዚህ አየርን ወደ ላይ የሚያሳልፍ፣ ፈሳሽን ግን ወደ ታች የማያሳልፍ በር ያስፈልግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 ፖላንዳዊው ኤርቪን ሞዞሌቭስኪ እንዲህ ያለውን በር አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ አሜሪካውያኑ ማርክ ሲንገርና ኤሪክ ብሎም በቀላሉ የሚገጠም የሲሊከን ቫልቭ ይፋ አደረጉ። ሲንገር ቀዳጅ ሐኪም፣ ብሎም የንግግር ሕክምና ባለሙያ መሆናቸውን ልብ ይሏል። አንዱ በሩን ከፈተ፤ ሌላው በበሩ መግባትን አስተማረ።

ትምህርቱም ቀላል አይደለም። ታካሚው በእርጋታ ይተነፍሳል፤ የአንገቱን ቀዳዳ በጣቱ ይደፍናል፤ “አ” ይላል። ጣቱን አጥብቆ ከተጫነ ጉሮሮው ይታፈናል፤ ካላላ አየሩ በጎን ያፈተልካል። ከ“አ” ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ አጭር ዐረፍተ ነገር ይሸጋገራል፤ በመካከሉ የት እንደሚተነፍስ ይማራል። ቫልቩን በየዕለቱ በትንሽ ብሩሽ ያጸዳል፤ ሲጠጣ ሳል ከያዘው ቫልቩ ማፍሰስ መጀመሩን ይጠረጥራል። ፈንገስ ስለሚበላው በየጥቂት ወሩ ይለወጣል። የሚገኘውም ድምፅ ጎርናና ነው። ሴት ስልክ ስታነሣ “አቶ” እየተባለች ልትጠራ ትችላለች፤ ይህንንም መቻል ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው።

እኔን ግጥም ጫሪውን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የገዛ ቋንቋችን ነገር ነው። አንባቢ ሆይ፤ እጅዎን ማንቁርትዎ ላይ አድርገው “ቀ” ይበሉ፤ ቀጥለውም “ከ” ይበሉ። “ቀ” ሲሉ የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፤ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሣል፤ በመካከል የታፈነው አየር ተጨምቆ ይፈነዳል። ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ድምፆች የሚገፋቸው የሳንባ ትንፋሽ አይደለም፤ ማንቁርት ነው። ቫልቩ የሚመልሰው ደግሞ የሳንባን ትንፋሽ ነው። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ሆላንድኛ ቃልን ከቃል የሚለዩት በእነዚህ ድምፆች ስላልሆነ በእነዚያ አገሮች ልምምዱን ያዘጋጁት ሰዎች ይህ ጭንቀት አልነበረባቸውም።

እኛ ግን ብንሳሳት “ጠፋ” ያልነው “ተፋ”፣ “ወንድሜ መጣ” ያልነው “ወንድሜ መታ” ሆኖ ይሰማል። “ጀግናው ተቀበረ” ያለው ሐዘንተኛ “ጀግናው ተከበረ” ብሎ ሊደመጥ ነው። “ቃል” ራሱ በ“ቃ” ይጀምራል፤ “ድምፅ” በ“ፅ” ያልቃል፤ “ቅኔ” እና “ግጥም”ም ያለ ማንቁርት አይሞሉም።

ስለዚህ ከአማርኛ ተናጋሪ ጋር የሚቀመጥ ባለሙያ ቫልቩን ካስተካከለ በኋላ ፊደል ገበታችንን መዘርጋት ይኖርበታል። ታካሚው በአፉ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት አየር በምላሱና በጉሮሮው ግድግዳ እየጨመቀ፣ “ከ”ን ከ“ቀ”፣ “ተ”ን ከ“ጠ” እስኪለይ ድረስ በትዕግሥት ይደጋግማል። ያኔ እንደ ልጅነቱ ዳግመኛ ፊደል ቆጠረ ማለት ነው። እኛም አድማጮቹ ጆሯችንን አቅንተን፣ ዐረፍተ ነገሩን ከአፉ ሳንነጥቅ፣ እስኪጨርስ ብንጠብቀው የትምህርቱን እኩሌታ እናግዘዋለን።