ስለ ጃማይካ ወሽመጥ ደሴቶች

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የኒው ዮርክ ከተማ ስም ሲነሣ ሰማይ ጠቀስ ፎቆቿ ወዲያው ትዝ ይሉሃል። እኔ ግን ላጫውትህ የፈለግሁት በከተማይቱ ዳር፥ ብሩክሊንና ኲንስ የሚባሉት ክፍሎች ስለሚያዋስኑት ስለ ጃማይካ ወሽመጥ ነው። (ስሙ ከጃማይካ ደሴት ጋር ዝምድና የለውም፤ ከጥንት ባለአገሮቹ ከሌናፔዎች ቋንቋ የመጣ ነው።) ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፍልሃለሁ።

በወሽመጡ ውስጥ ያሉት ረግረግ ደሴቶች አለት የላቸውም። ስፓርቲና የሚባል ሣር በጨው ውኃ ውስጥ ይበቅላል፤ ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሲሞላና ሲጐድል የሚያመጣውን ደለል በአገዳው ያግዳል፥ በሥሩም ያስራል። እንዲህ እየሆነ በብዙ ዘመን ደሴት ይሆናል። ሣሩ መሬቱን ይይዛል፤ መሬቱም ሣሩን ይሸከማል። ትንንሽ ዓሦች ይጠለሉበታል፥ ወፎች ይሰፍሩበታል፥ ማዕበሉም የሰው ቤት ሳይደርስ ይደክምበታል።

የከተማው ሰዎች ግን ረግረጉን ለምንም የማይረባ መሬት አድርገው ቈጠሩት። ቆሻሻ ጣሉበት፤ እድፍ ውኃቸውን ለቀቁበት፤ ዳሩንም በአሸዋ ደፍነው በ1948 የተከፈተውን፥ ዛሬ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስም የሚጠራውን ታላቅ አይሮፕላን ማረፊያ ሠሩበት። ከ1924 ጀምሮ እስከ ክፍለ ዘመኑ ፍጻሜ ድረስ ከደሴቶቹ 570 ሄክታር ያህል ረግረግ ጠፋ።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን ከዚህ የሚከተለው ነው። በ1972 ወሽመጡ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ገባ፤ መድፈኑም ቀረ። ጥፋቱ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም በ1990ዎቹ ፈጠነ። የሚቈፍር ሰው ሳይታይ ደሴቱ ከዳር ዳር ይናድ፥ ከመካከሉም ይበሳ ነበር። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ባሕሩ ከፍ ብሏል፤ ደለል የሚመጣበት መንገድ ተዘግቷል። ደግሞም ከአራቱ የእድፍ ውኃ ማጣሪያዎች ብዙ ናይትሮጅን ወደ ወሽመጡ ይፈስ ነበር። ናይትሮጅን ማዳበሪያ ነውና ምን ይጎዳል ትል ይሆናል። በማሳቹሴትስ ባሕር ዳር ተመርምሮ በ2012 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፥ የጠገበ ሣር ቅጠሉን ያረዝማል እንጂ ሥሩን አያበዛም፤ ሥር ያጣው ዳርቻም ይናዳል።

እንግዲህ ጥገናው ተጀመረ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች የወደቡን የመርከብ መንገድ ሲያጠልቁ ያወጡትን አሸዋ ምሥራቅ ኤልደርስ ወደምትባለው ደሴት በቧንቧ አፈሰሱ። በ2006ና በ2007 16 ሄክታር በሚያህለው ቦታ ከ700,000 በላይ ችግኝ ተተከለ። የአሸዋው ከፍታ በጥንቃቄ መለካት ነበረበት፤ ዝቅ ካለ ሣሩ ይሰምጣል፥ ከፍ ካለ ሌላ አረም ይወርሰዋል። ምዕራብ ኤልደርስ በ2010፥ የሎው ባር በ2012 ተከተሉ።

አንዳንዶች፥ «መንስኤው ሳይወገድ አሸዋ ማፍሰስ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ2010 የከተማው አስተዳደር 115 ሚሊዮን ዶላር ለመመደብ ሲስማማ 100 ሚሊዮኑን ናይትሮጅን ለመቀነስ፥ 15 ሚሊዮኑን ለረግረጉ ጥገና አደረገው። በእኔ አስተያየት የበዛው ገንዘብ ለመንስኤው መሰጠቱ ትክክል ነው፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ቀደም ብሎ ቢታሰብ ኖሮ ግን ወጪው ይህን ያህል ባልሆነ ነበር። ቢሆንም ማጣሪያው እስኪታደስ ደሴቱ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መሥራት ግድ ነበር።

ብላክ ዎልና ሩለርስ ባር በሚባሉት በሁለቱ ደሴቶች ላይ በ2012 አሸዋው ቢፈስስም፥ ተከላው የወደቀው በፈቃደኞች ላይ ነበር። በወሽመጡ ዳር የሚኖሩ ሰዎችና ረዳቶቻቸው በጀልባ ተሻግረው፥ ባሕሩ በጐደለበት ሰዓት በእርጥቡ አሸዋ ላይ ተንበርክከው ሣሩን አንድ ባንድ በእጃቸው ተከሉት፤ ውኃውም ተመልሶ ሲሞላ ወደ ጀልባቸው ገቡ።