የሐረሪ ቋንቋ ትእዛዝ አንቀጽና የዘመድነቱ ማስረጃ

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ተቀመጠ። በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ መጨረሻም የከተማይቱን ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር ጨመረ። ባለቤቶቹ ቋንቋውን «ጌይ ስናን» ይሉታል፤ የከተማ ቋንቋ ማለት ነው። በርተን ግን የኦሮምኛ፣ የአፋርኛና የሶማልኛ እኅት አድርጎ፣ በአገሬው ግንድ ላይ የተቀጠለ የሴም ቅርንጫፍ ነው ሲል ገመተ። ይህ ግምት ትክክል ነውን? መልሱን ሥርዓቱን ከሚጠብቅ ግሥ የአዎንታ ትእዛዝ እንፈልጋለን፤ ትእዛዝ ከፊቱ ባዕድ ፊደል ስለማይጨመርበት የግሡን አካል ሳይሸፍን ያሳያልና።

በግዕዝ «ሰበረ» ለወንድ ስብር፣ ለሴት ስብሪ፣ ለብዙ ወንዶች ስብሩ፣ ለብዙ ሴቶች ስብራ ይሆናል። አማርኛ የመጨረሻውን ጥሎ በሦስቱ ረጋ፤ ስበር፣ ስበሪ፣ ስበሩ። ሐረሪም እንደዚሁ ሦስት ብቻ አለው፤ የመጀመሪያው ፊደል ድምፅ ወደ ሣልስ ስለሚቀርብ ሲበር፣ ሲበሪ፣ ሲበሩ ይላል። ከዚህም በላይ፣ አማርኛ «ክፈት» የሚለውን ለሴት «ክፈቺ» እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ሐረሪም በሴት ትእዛዝ «ት»ን ወደ «ች» ይለውጣል።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ እንመልከት። ኦሮምኛ «ሂድ»ም «ሂጂ»ም ለማለት ዴሚ፣ ለብዙዎች ዴማ ይላል። ሶማልኛ ለአንድ ሰው ኬን፣ ለብዙዎች ኬና ይላል፤ ትርጓሜው «አምጣ፣ አምጡ» ነው። ሁለቱም በትእዛዝ ቁጥርን እንጂ ጾታን አይለዩም። ሐረሪ ግን ይለያል።

ምናልባት «ይህ ከዐረብኛ የመጣ ነው» የሚል ይኖራል፤ ዐረብኛም ወንድንና ሴትን ይለያልና። ነገር ግን ዐረብኛ «ጻፍ» ለማለት ከፊት አናባቢ ጨምሮ «ኡክቱብ» ይላል። ሐረሪ ይህንኑ የዐረብኛ ሥር ወስዶ «ኪተብ» ይላል። እንግዲህ ሥሩ እንግዳ ሲሆን ቅርጹ የአገር ነው።

ሌላው ተቃውሞ፣ ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላ ከአማርኛ ተወርሶ ይሆናል የሚል ነው። ይህም አይቆምም። ምኒልክ ከተማይቱን የያዙት እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ነው፤ በርተን ቃላቱን የለቀመው ከዚያ 32 ዓመት ቀድሞ ነው። ከበርተን አስቀድሞ በዐረብ ፊደል የተጻፉ የሐረሪ ጽሑፎችም አሉ።

ፍራንዝ ፕሬቶሪዩስ በ1869 ስለ ሐረር ቋንቋ ጽፎ ነበር፤ ቮልፍ ሌስላውም በ1958 የሐረሪን ግሥ ለብቻው በመጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ሐረሪ ከግዕዝ፣ ከአማርኛ፣ ከአርጎብኛና ከስልጥኛ ጋር በአንድ ቤተሰብ መቈጠሩ አያከራክርም። ይህን ስንል ሐረሪ ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛና ከዐረብኛ የወሰደውን ብዙ ቃል መካዳችን አይደለም። የንግድ ከተማ ቃል ይበደራል፤ የግሥን እርባታ መበደር ግን እንደ ቃል አይቀልም።

ስለዚህ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሳይሆን የግዕዝ የቅርብ ዘመድ ነው። ወደ ሐረር የሚሄዱ ጓደኞቻችን እናት ልጇን፣ ነጋዴ ደንበኛውን እንዴት እንደሚያዝዙ እየሰሙ ቢመዘግቡ፣ ለዚህ ጥናት የሚጠቅም ማስረጃ ይገኛል።