ሦስት ኩንታል በክንፍ ሥር

የአውሮፕላን ታሪክ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን ጀቱና ቦምብ ጣዩ ነው። እስቲ ደግሞ የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ታሪክ እናንሣ፤ ወደ አገራችንም ያደርሰናል። ዘመኑ ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው።

ብዮርን አንድሬአሶን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ አሜሪካ ሲሠራ የነደፋት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በመስከረም 1951 ዓ.ም. ስትበር ሞተሯ 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ስዊድን ገብታ ኤም ኤፍ አይ 9 ስትባል 100 ሆነላት። ሰፋ ብላ የተሠራችው ተከታይዋ ኤም ኤፍ አይ 15 በ1961 ዓ.ም. በ160 ተነሣች፤ በ1963 ደግሞ 200 ተገጠመላት።

«ታዲያ ትልቅ ሞተር መግጠም ምን ያስቸግራል?» የሚል አይጠፋም። ትልቅ ሞተር እኮ ራሱ ይከብዳል፤ ነዳጅ አብዝቶ ይጠጣል፤ አፍንጫዋን አክብዶ ሚዛኗን ያዛባል። ክንፉና የማረፊያ እግሩ አብረው ካልጠነከሩ የተጨመረው ጉልበት ለጭነት አይውልም። በቅሎዋ ብትበረታ መጫኛው ከተበጠሰ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ክንፉም ተጠናከረ፤ በሥሩ ስድስት ማንጠልጠያ ተበጀለት። ባዶዋን 650 ኪሎ ገደማ የምትመዝን አውሮፕላን በክንፎቿ ሥር እስከ 300 ኪሎ፣ ማለት ሦስት ኩንታል፣ መሸከም ቻለች።

ግን ምን ትሸከም? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወርረን ለቀይ መስቀል የበረሩ፣ በኋላም የአየር ኃይላችንን ልጆች ያሠለጠኑ ስዊድናዊ ናቸው። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ቢያፍራ ውስጥ ክንፋቸው የተጠናከረ አምስት ኤም ኤፍ አይ 9 አውሮፕላኖችን እየመሩ የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች ደበደቡ። እያንዳንዷ የተሸከመችው 12 ሮኬት ነበር። እኚሁ ሰው በ1966 ዓ.ም. ግድም ወደኛ ተመልሰው፣ በኤም ኤፍ አይ 15 ክንፍ ሥር እህል አንጠልጥለው፣ ዝቅ ብለው እየበረሩ መኪና ለማይደርስበት ረሃብተኛ ጣሉ። የመጨረሻ ዕጣቸውም እዚሁ ሆነ፤ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ተገደሉ።

የሞተሩ ማደግ እዚህ ላይ ፍሬውን አሳየ። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ 200 የተባለው 150 ግድም ይሆናል። በድሮው በ75 ቢሆን ደጋው ላይ ለአብራሪው ብቻ እንኳ በጭንቅ ነበር።

ሆኖም ሒሳቡን እንሥራ። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ብንል ሦስት ኩንታል 600 ሰው የሚያበላው ለአንድ ቀን ነው። ነገ ደግሞ ሌላ በረራ። በ1965 ወሎ ሲራብ ግን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ እህል ይወጣ ነበር፤ መንግሥትም ረሃቡን ደብቆ ቆየ። እህሉ በመኪና ሲወጣ ረሃቡ ተሸፋፍኖ ቀረ፤ በኋላ ትንሿ አውሮፕላን በኩንታል ልትመልስ ደከመች።

ፓኪስታን ይህችኑ አውሮፕላን በፈቃድ እየሠራች ሞተሯን 260 አድርሳዋለች። መሐንዲሱ ጉልበቱን መጨመር ይችላል፤ ይህን ታሪኩ አሳይቷል። በማንጠልጠያው ላይ ሮኬት ወይስ እህል እንደሚሰቀል፣ እህሉስ አስቀድሞ ለምን ከረሃብተኛው እንደራቀ፣ ይህን የሚመልሰው መሐንዲሱ ብቻ አይደለም። እኛም እንጠየቅበታለን።