የፕላዝማው ዘመን ተለማማጅ

በመገናኛ በዓላችን መጽሔት ላይ ስለ ግቢ ሕይወት፣ ስለ ካፌው ሰልፍ፣ ስለ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ተጽፏል። እኔ ከግቢው አጥር ውጪ ስለተማርኩት ልጻፍ።

ዘመኑ 1997 ዓ.ም. ነው። የፊዚክስ መምህር ለመሆን የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሼ፣ ለማስተማር ልምምድ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ጠዋት ጠዋት ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ዳገቱን ስወጣ ከሥራው ይልቅ ያስጨነቀኝ ጫማዬ ነበር። ዕድል በሉት ዕዳ፣ ያ ዓመት ፕላዝማ የገባበት ዓመት ሆነ።

ለማታውቁት ወጣት ባልደረቦቼ ላስረዳ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው የሒሳብ፣ የሳይንስና የእንግሊዝኛ ትምህርት በሳተላይት እየተሰራጨ በየክፍሉ በተሰቀለ ሰፊ ቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ዝግጅቱ የተሠራው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉ የቴሌቪዥኑ ነው፤ መግቢያና መዝጊያዋ ብቻ የእኛ። ማቆም የለም፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ጥያቄ ያወጣል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ ልጁ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ከች ይላል።

ሐሳቡ መጥፎ ነበር አልልም። የሠለጠነ መምህር ባልነበረበት፣ ቤተ ሙከራ በማይታወቅበት ወረዳ ያለ ልጅ ያየውን ሙከራ እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም አላየሁትም። አዲስ ነገርም አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ማስተላለፍ ይዞ ነበር፤ የትምህርት በሬዲዮንም ያልሰማ ያገሬ ልጅ ጥቂት ነው። ልዩነቱ የቀድሞው መምህሩን ያግዝ ነበር፣ ፕላዝማው ግን ቦታውን ወሰደ።

የሚያስቀው ደግሞ ይሄ ነው። በዚያው ሰሞን የመምህራን ሥልጠናው ከሥር ተገልብጦ በፋኩልቲ ውስጥ ጠዋት ማታ የምንሰማው «ተማሪ ተኮር» የሚል ነበር። ተማሪው ይጠይቅ፣ ይወያይ፣ መምህሩ ያመቻች። ይህንን በደብተራችን ሞልተን ክፍል ስንገባ ማንም ሊያቋርጠው የማይችል ሰው ግድግዳ ላይ ቆሞ ይናገራል። ሁለቱ ነገሮች እንዴት በአንድ ዓመት፣ በአንድ መንግሥት ተወሰኑ? እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ የሰጠኝ የለም።

ወደ ራሴ ልመለስ። ገምጋሚዬ ከኋላ ወንበር በተቀመጡበት ዕለት ትምህርቱ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነበር። መግቢያዬን አሳምሬ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከስልሳ በላይ ልጆች ወደ እኔ ዞሩ። ጠመኔው በእጄ ነው፣ ሰሌዳው ከኋላዬ ነው፣ ሕጉንም ከስሜ እኩል አውቀዋለሁ። ግን ሙሉ ትምህርት አላዘጋጀሁም! ያዘጋጀሁት የአምስት ደቂቃ መግቢያ ነው። «እስኪመጣ ማስታወሻችሁን አንብቡ» አልኩና ቆምኩ። መብራቱ አልመጣም። በመገምገሚያው ቅጽ ላይ «ቴክኖሎጂ አጠቃቀም» የሚል መስመር ነበረ፤ እዚያ ላይ ጥሩ ነጥብ ማግኘቴ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

በእረፍት ሰዓት በክፍሉ የተመደቡት አንጋፋ መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ቲቪው ሲያስተምር የት ነበር የቆምሽው?»

«እዚያው ከፊት፣ እሱን እያየሁ።»

«እሱ ምን ይታያል? ጆሮሽን ለሱ ስጪና ዓይንሽን ልጆቹ ላይ አድርጊ። ማን እርሳሱን እንደጣለ እይ።»

በማግስቱ የሚያደርጉትን ተመለከትኩ። ከመምህሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ የዕለቱን ትምህርት ቀድመው ያነባሉ፤ ከባድ ቃላቱን ደወል ሳይደወል በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። ሥርጭቱ ሲሄድ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው ፊት ያነባሉ። በመጨረሻዋ አምስት ደቂቃ ሁሉንም ለመድገም አይሞክሩም፤ ልጆቹ የተሰናከሉባትን አንዲት ነገር መርጠው እሷን ብቻ ያፍታታሉ። የዲጂታል መሣሪያ አጠቃቀም ብዬ ዛሬ ለሠልጣኞቼ የማስተምረው አብዛኛው የሳቸው ነው። እሳቸው ግን ኢሜይል እንኳን አልነበራቸውም።

ኮምፒውተሩን የተማርኩት ዶሮ ማነቂያ አካባቢ በነበረች አንዲት ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ ነው። ባለቤቷ ገበያ ሲቀዘቅዝ ባዶ ኮምፒውተር ትለቅልኝና በፓወር ግዕዝ መተየብ ታለማምደኝ ነበር፤ ሂሳቡ አንዳንዴ አንድ ማኪያቶ ነው። የልምምድ ሪፖርቴን እዚያ ጽፌ በፍሎፒ ይዤ ስድስት ኪሎ ብከፍተው ገጹ በሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ተዘበራረቀ። ፊደሉ እዚያ ማሽን ላይ አልተጫነም። የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም በፒያሳ ሱቆች ያኔ ገና አልደረሰም ነበር። ዳገቱን ተመልሼ ወጥቼ አሳተምኩት።

ፕላዝማው ከዓመታት በኋላ እየደበዘዘ ሄደ። በ2012 መጋቢት በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የአዲስ አበባ ልጆች ትምህርት በቴሌግራም ጭምር ሲላክላቸው፣ በ2016 ደግሞ አንዳንድ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በኮምፒውተር ሲፈተኑ ጋሼን አስታወስኳቸው። ስልኩ ማን እርሳሱን እንደጣለ አያሳይም።

በዚያው በ2016 ዶሮ ማነቂያ ለኮሪደር ልማቱ ፈርሷል። ሱቋ የነበረችበትን ልፈልግ ሄጄ ቦታውን በትክክል መለየት አቃተኝ፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ ምልክት የማደርገው ግንብ የለም። የጽሕፈቷ ሴትዮ ወዴት እንደሄደች የጠየቅኳቸው ሁሉ የየራሳቸውን ሰፈር ነገሩኝ።

ፍሎፒዋ ግን እኔ ጋ አለች። ማንበቢያው ያለው ጓደኛ ካለ ለበዓሉ ቀን ይዞልኝ ይምጣ፤ ፓወር ግዕዝ የተጫነበት ከሆነማ ማኪያቶው በኔ ነው።