ኢብኑ ሲና ስለ ክብደት መቀነስ ምን አለ?

በጥቂት ቀናት እናቀጥናለን የሚሉ ክኒኖችና ራስን የማስራብ ዘዴዎች በየቤታችን ገብተዋል። ቀደምት ሐኪሞቻችን ግን መንገዱን በሌላ በኩል አሳይተውን ነበር።

ቡኻራ አቅራቢያ የተወለደው ኢብኑ ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) «አል-ቃኑን» በተሰኘው የሕክምና መጽሐፉ ስለ ጤና አጠባበቅ ሲያስተምር የሰውነት እንቅስቃሴን ከምግብና ከእንቅልፍ አስቀደመ። ትግልን፣ ፈጣን እርምጃንና ፈረስ ግልቢያን ዘረዘረ። ለወፍራም ሰው ያዘዘውም ሆድ የሚሞላ ነገር ግን ገንቢነቱ ያነሰ ምግብና ፈጣን እንቅስቃሴ ነው። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓውያን ለዘመናት ተማሩበት።

የዛሬው ሳይንስም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በረሃብ የቀጠነ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል፤ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ መክሯል። ለዚህ ውሃ የያዘ ጀሪካን ማንሳት፣ ከወንበር ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ ይበቃል።

እንግዲህ ክኒኑን ትተን ሰሐናችን ላይ ጎመኑን እናብዛ፤ መስጊድም በእግራችን እንሂድ። ሰውነታችን አላህ የሰጠን አማና ነውና። ወሏሁ አዕለም።