የጎርፍ መውረጃ ቦይ አጠባበቅና የብክለት መከላከል ደንቦች፦ ለወረታ ከተማና ለፎገራ ሜዳ ነዋሪዎች

የጎርፍ መውረጃ ቦይ ከመንገድ፣ ከጣሪያና ከግቢ የሚመጣውን የዝናብ ውሃ ሰብስቦ ወደ ተፈጥሯዊ መፍሰሻው የሚያደርስ የከተማ መሠረተ ልማት ነው። የመጸዳጃ ቤትና የማጠቢያ ፍሳሽ ከሚወገድበት ሥርዓት ፈጽሞ የተለየ ነው። የፍሳሽ ቆሻሻ በጉድጓድ ይጠራቀማል፣ ይመጠጣል ወይም ይጣራል፤ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ የገባ ነገር ግን ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ማሳ፣ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ይሄዳል። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ይህ ልዩነት በወረታና በአካባቢዋ ለምን ከፍ ያለ ትርጉም እንዳለው፣ የአገሪቱ ሕጎች ምን እንደሚደነግጉና ከእያንዳንዱ ወገን ምን እንደሚጠበቅ ያስረዳል።

የአካባቢው አቀማመጥና የውሃው መንገድ

ወረታ ከባሕር ዳር በስተሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድ የሚገነጠለውም ከዚሁ ነው። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን የርብና የጉማራ ወንዞች ያቋርጡታል። ሁለቱም ወንዞች የሚነሡት ከፍታው ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ ነው። የጣና ሐይቅ ወለል በአንጻሩ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከተራራው ተንደርድሮ የወረደው ውሃ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል፤ የተሸከመውንም ደለል በዚያው ያራግፋል።

ሦስት ተፈጥሯዊ ሁኔታዎች በአካባቢው የጎርፍ ውሃ አያያዝን አስቸጋሪ ያደርጉታል። አንደኛው የመሬቱ ሜዳማነት ነው። በተዳፋት ከተማ ጎርፍ በቦይ የተጣለውን ቆሻሻ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል፤ በሜዳ ላይ ግን ውሃው ኃይል ስለሌለው ቆሻሻው በወደቀበት ይቀራል። ሁለተኛው አፈሩ ነው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ከረጠበ በኋላ ያብጥና ውሃ ወደ ውስጥ የማስረጉ አቅም በእጅጉ ይቀንሳል። ሦስተኛው የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ተጠቃሎ የሚጥል መሆኑ ነው።

የእነዚህ ሁኔታዎች ውጤት በተደጋጋሚ ታይቷል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ወንዞቹ ከዳርቻቸው አልፈው በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ሰዎችን አፈናቅለዋል፤ ሰብልና ከብትም ጎድተዋል። በ2012 ዓ.ም. ክረምትም አካባቢው በጎርፍ ተጠቅቷል። የወንዝ ሙላት በከተማ ቦይ ብቻ የሚገታ አይደለም። ሆኖም ወንዙ በሞላ ጊዜ የከተማው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ቦዩ አስቀድሞ በደለልና በቆሻሻ ተዘግቶ ከቆየ ደግሞ ወንዙ ሳይሞላም መንደሩ በውሃ ይዋጣል።

ከከተማው የሚወጣው ውሃ የሚያርፍበት ስፍራም ሊታወቅ ይገባል። የፎገራ ሜዳ በአገራችን ሩዝ በስፋት ከሚመረትባቸው ቀዳሚ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በዚሁ ነው። የሩዝ ገበሬ ዘርቶ፣ አርሞና ተንከባክቦ ሰብሉን የሚያደርሰው በባዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው። የፎገራ የከብት ዝርያም የሚሰማራው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ የሚጠጣውም ከሜዳው ውሃ ነው። በመጨረሻ ውሃው የሚገባበት ጣና፣ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደለልና ብክለት ፈጥኖ ይጎዳዋል። ከሳሙና፣ ከሰውና ከእንስሳት እዳሪ እንዲሁም ከማዳበሪያ የሚመጡ ንጥረ ነገሮች ሐይቁን ከአሥር ዓመታት በላይ ያስቸገረውን የእምቦጭ አረም ይመግባሉ።

ቦይ የሚጨናነቀው እንዴት ነው?

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲጥል አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ስለዚህ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቢጥል 3,000 ሊትር ገደማ ውሃ ይወርዳል። ተመሳሳይ ጣሪያ ያላቸው ሃያ ቤቶች ውሃቸውን ወደ አንድ ቦይ ቢለቁ 60,000 ሊትር ይደርሳል፤ የመንገዱና የግቢው ውሃ በዚህ ላይ ይጨመራል። ቦዩ እስከ ግማሹ በደለል ከተሞላ፣ የሚያሳልፈው ውሃ ንጹሕ ሳለ ያሳልፍ ከነበረው ከግማሽ በታች ይሆናል። ምክንያቱም ስፋቱ በመጥበቡ ላይ የውሃው ፍጥነትም ይቀንሳል።

ብዙውን ጊዜ መዘጋቱ የሚጀምረው በመንገድ ማቋረጫ ቱቦዎች አፍ ላይ ነው። አንድ ፌስታል ወይም የላስቲክ ጠርሙስ በቱቦው አፍ ይያዛል፤ ከዚያም ገለባና ጭቃ ይደገፍበታል። በኋላ የሚረጋው ውሃ ለትንኝ መራቢያ ይመቻል። ቦዩ የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚቀላቀልበት ከሆነ ደግሞ ገንፍሎ በሚወጣበት ጊዜ እንደ ኮሌራ ያሉ ውሃ ወለድ በሽታዎችን ወደ ጉድጓድ ውሃና ወደ መኖሪያ ግቢ ያደርሳል።

የሕግ መሠረቶች

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት ያረጋግጣል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ከዚህ በመነሣት የወጡት ዋና ዋና ሕጎች የሚከተሉት ናቸው።

• የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። የበከለ ሰው ብክለቱን የማጽዳት ወይም የማጽጃውን ወጪ የመሸፈን ግዴታ አለበት። የከተማ አስተዳደሮችም የከተማ ቆሻሻ በተቀናጀ መንገድ መሰብሰቡንና መወገዱን ማረጋገጥ እንዳለባቸው አዋጁ ይደነግጋል።

• የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ፍሳሽ ቆሻሻን ወደ ውሃ አካል መልቀቅ ያለ ፈቃድ የማይፈጸም ተግባር መሆኑን ይደነግጋል።

• የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 በጎዳናና በውሃ መውረጃዎች ላይ ቆሻሻ መጣልን ክልክል አድርጓል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ደግሞ የፌስታል ክልከላን አጠናክሯል።

• የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከሕንፃው፣ ከቁፋሮውና ከንጣፉ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በአግባቡ የማስወገድ ኃላፊነት የይዞታው ባለቤት መሆኑን አስቀምጧል።

• በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከላይ ካለ መሬት በተፈጥሮ የሚወርደውን ውሃ የታችኛው ባለይዞታ እንዲቀበል ያዝዛል። ሆኖም ከሁለቱ አንዳቸውም የተፈጥሮውን ፍሰት ሌላውን በሚጎዳ መንገድ መለወጥ አይችሉም።

• በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 519 አካባቢን የበከለ ሰው እስከ 10,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

ክልሉና የከተማ አስተዳደሩ እነዚህን ሕጎች የሚያስፈጽሙ ዝርዝር ደንቦችን የማውጣት ሥልጣን አላቸው። ስለሆነም ቦይ የሚነካ ማንኛውንም ሥራ ከመጀመር በፊት በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል።

ከእያንዳንዱ ወገን የሚጠበቅ

ነዋሪዎች። የመጸዳጃ ቤትን፣ የሻወርንና የልብስ ማጠቢያን ቧንቧ ከጎርፍ ቦይ ጋር ማገናኘት ክልክል ነው። የተጠራቀመ ፍሳሽ በፍሳሽ ማንሻ መኪና ሊነሣ ይገባዋል እንጂ ጎርፍ በመጣ ሌሊት ወደ ቦይ ሊለቀቅ አይገባውም። ይህ ድርጊት በጨለማ ቢፈጸምም ጉዳቱ በማግሥቱ በታችኛው ሰፈር ይታያል። ከደጃፍ የተጠረገ ቆሻሻ፣ አመድና አተላም ወደ ቦይ አይጣልም። የአሸንዳ ውሃ በጎረቤት ግድግዳ ወይም ግቢ ላይ እንዳያርፍ መደረግ አለበት። ቦታ ያለው ሰው የጣሪያውን ውሃ በበርሜል ወይም በታንከር ቢያጠራቅም ለራሱ ይጠቀምበታል፤ የቦዩንም ጫና ይቀንሳል።

የንግድና የአገልግሎት ድርጅቶች። ወረታ የመንገድ መገናኛ ከመሆኗም ሌላ ደረቅ ወደብ ያላት በመሆኗ የከባድ ተሽከርካሪዎች እንቅስቃሴ ይበዛባታል። ጋራዦች የተቃጠለ ዘይትን በተዘጋ ዕቃ አጠራቅመው ለሚረከብ አካል ማስተላለፍ አለባቸው። ዘይት በውሃ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ አየር እንዳይገባ ስለሚከለክል በውሃው ውስጥ ያለውን ሕይወት ያፍናል። የመኪና እጥበት የሚሰጡ ላቫጆዎች ውሃቸው ወደ ማስወገጃ ከመግባቱ በፊት ጭቃውና ዘይቱ የሚቀሩበት ማጥለያ ጉድጓድ ሊኖራቸው ይገባል። ሥጋ ቤቶች ደምና ፈርስን፣ ምግብ ቤቶችም ቅባትን ወደ ቦይ መልቀቅ አይችሉም። የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ገለፈቱን በቦይ ዳር መከመር የለባቸውም፤ ገለፈት ቀላል በመሆኑ በነፋስም በውሃም ተወስዶ በቱቦ አፍ ላይ ይጠራቀማል።

ግንባታ የሚያከናውኑ። አሸዋ፣ ጠጠርና የቁፋሮ አፈር በቦይ ላይም ሆነ በቦይ አፍ ላይ አይራገፍም። የሲሚንቶ ማቡኪያ እጣቢ በቦይ ውስጥ ሲደርቅ በአካፋ የማይነሣ ድንጋይ ይሆናል። ወደ ግቢ ለመግባት በቦይ ላይ መሻገሪያ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ መሻገሪያውም የቦዩን ስፋት የማያጠብና ለጽዳት የሚከፈት መሆን ይኖርበታል። በአፈር የተደፈነ ወይም በጠባብ ቱቦ የተተካ አንድ መሻገሪያ የመንገዱን ሙሉ ቦይ ከጥቅም ውጭ ያደርጋል።

አርሶ አደሮች። ከከተማ የሚወጣ ቦይ ማሳ ዘልቆ ሲያልፍ ማፍረስ፣ መገደብ ወይም አቅጣጫ ማስቀየር የላይኛውንም የታችኛውንም ባለይዞታ ይጎዳል። ለሽንኩርትና ለሌሎች አትክልቶች የተረጨ ፀረ ተባይ መርጫ በቦይ ወይም በወንዝ ዳር አይታጠብም፤ ባዶ የፀረ ተባይ ዕቃም ለውሃ መቅጃ አይውልም።

የከተማ አስተዳደሩ። ዋና ዋና ቦዮችን መገንባት፣ መጠገንና ማጽዳት፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ማዘጋጀት እንዲሁም ፈቃድና ቁጥጥርን ማካሄድ የአስተዳደሩ ኃላፊነት ነው። ሕጉ ነዋሪውን ከማስገደዱ ጋር ለነዋሪው አማራጭ እንዲቀርብለት ይጠይቃል። ቆሻሻ የሚሰበስብ በሌለበት ሰፈር ክልከላ ብቻውን ቦይን አያድንም።

የሥራ ወቅት

የበጋው አቧራ፣ ዘይትና ቆሻሻ ለወራት በመንገድ ላይ ተከማችቶ የሚቆይ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በአንድ ጊዜ ታጥቦ ወደ ቦይ ይገባል። በዚህ የተነሣ የክረምቱ መግቢያ ውሃ ከሁሉ ይልቅ የተበከለ ነው። ስለዚህ ዋናው የቦይ ጽዳት በሚያዝያና በግንቦት ሊጠናቀቅ ይገባል። ከቦይ የተዛቀው ደለል በዚያው በቦዩ ዳር ከተተወ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል፤ የጽዳት ሥራ ተፈጸመ የሚባለው ደለሉ ተጭኖ ሲወሰድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ የቱቦ አፎችንና የብረት ፍርግርጎችን መመልከት ያስፈልጋል። ሕፃናት በቦይ አጠገብ እንዳይጫወቱ መከታተል፣ በጎርፍ ተሸፍኖ ወለሉ የማይታይ ቦይንም በእግር ለመሻገር አለመሞከር ሕይወትን ያተርፋል።

ጥሰት ሲያጋጥም

ቦይ ሲደፈን ወይም ፍሳሽ ሲለቀቅበት ያየ ነዋሪ በቅድሚያ ለቀበሌው ወይም ለማዘጋጃ ቤቱ ማሳወቅ ይችላል። አቤቱታው ቦታውን፣ ቀኑንና የተለቀቀውን ነገር የሚገልጽ ቢሆንና ፎቶግራፍ ቢያያዝበት ለማጣራት ይረዳል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ በግሉ ጉዳት የደረሰበት መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ብክለት አድርሷል በሚለው ሰው ላይ ለሚመለከተው የክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል።

ይህ መብት በተለይ በታችኛው ተፋሰስ ለሚኖሩ ወገኖች የተሰጠ ዋስትና ነው። በሩዝ ማሳው ውስጥ የቆመ ገበሬ ከከተማ የሚመጣውን ውሃ የመምረጥ ዕድል የለውም፤ የደረሰውን ይቀበላል። ሕጉ ውሃውን እንዲቀበል ሲያዝዘው፣ በላይ ያለው ደግሞ ሳይበክል እንዲያሳልፍለት ግዴታ ጥሏል። በወረታ እያንዳንዱ ደጃፍ ለፎገራ ሜዳ የላይኛው ተፋሰስ ስለሆነ፣ የቦይ ጥበቃ ከደጃፍ ይጀምራል።