የባሌ ተራሮች ደለልና ድንጋይ ስለ ጥንቱ ዘመን የሚሰጡት ምስክርነት

ስለ ባሌ የሚጻፍ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ14ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ይኸውም አል ዑመሪ የተባለው ዐረባዊ ጸሐፊ በዘመኑ ከነበሩት ሰባት የእስላም አገሮች መካከል ባሌን አንዷ አድርጎ ስለ ጠቀሳት ነው። ነገር ግን ከሮቤ ወደ ጎባ የሚሄድ መንገደኛ የሲናናን የስንዴና የገብስ እርሻ እያለፈ ወደ ደቡብ ቀና ቢል፣ ከዚያ እጅግ የቀደመ ሌላ መዝገብ በፊቱ ያያል። እርሱም ተራራው ራሱ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ ይኸ መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ፣ ዘመኑም ሳይቈጠር ቢነበብ እንዴት እንደሚያሳስት ማመልከት ነው።

ወንዝ ከጠባብ ሸለቆ ወጥቶ ሜዳ ሲያገኝ ጕልበቱ ይደክማል፤ የተሸከመውንም ድንጋይ፣ አሸዋና ጭቃ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይጥለዋል። ደለሉ የበዛበት ምክንያት ግን ሁለት ሊሆን ይችላል። ወይ ተራራው ከፍ ብሎ የወንዙ ቍልቍለት ጨምሯል፤ ወይም አየሩ ተለውጦ ዝናቡ፣ በረዶውና ምድሩን የሸፈነው ዕፅዋት እንደ ቀድሞው አልሆኑም። በዐይን ሲታይ የሁለቱ ሥራ ይመሳሰላል፤ ለመለየት የሚረዳው ዘመኑን ማወቅ ነው።

ዘመኑ ከሚታወቅባቸው መንገዶች ሦስቱን እንጥቀስ። በደለሉ ውስጥ ከሰል ወይም የዕፅዋት ቅሪት ቢገኝ፣ በካርቦን 14 እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ይቈጠራል። የተቀበረ የአሸዋ ቅንጣት ደግሞ በዙሪያው ካለው ጨረር ኀይል ያጠራቅማልና፣ ያ ኀይል በላቦራቶሪ ሲለካ ቅንጣቱ የፀሐይን ብርሃን ያየበት የመጨረሻ ጊዜ ይታወቃል። በምድር ገጽ ላይ ያለ ትልቅ ድንጋይም ከጠፈር በሚወርደው ጨረር ምክንያት ክሎሪን 36 በውስጡ ይፈጠራል፤ መጠኑ ቢለካ ድንጋዩ ስንት ዘመን ለሰማይ ተገልጦ እንደ ኖረ ይገልጻል።

ይኸ የመጨረሻው መንገድ በባሌ ተሠርቶበታል። ግግር በረዶ በሐርቻና በዋሳማ ሸለቆዎች ገፍቶ የተዋቸው የድንጋይ ክምሮች ተመርምረው ውጤቱ በ2013 ዓ.ም. ታተመ። በረዶው እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ነበር። ያን ጊዜ ሙቀቱ ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያነሰ ነበር፤ የውርጭ ዕፅዋትም ክልል 700 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ ነበር። በዓለም ላይ በጠቅላላው በረዶ እጅግ የሰፋው ግን ከ26,000 እስከ 19,000 ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ የሌላውን አገር የበረዶ ዘመን ወስዶ በባሌ ላይ መለጠፍ ስሕተት መሆኑ ታወቀ።

ስለ ተራራው መነሣትስ ምን እንላለን? 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱና በዙሪያው ያለው የሳነቲ አምባ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። በረዶው የተቀመጠው ቀድሞ ከፍ ባለ ምድር ላይ ነው። እንግዲህ በሸለቆዎቹ ያለውን የበረዶ ዘመን ድንጋይ አይቶ «ተራራው ያን ጊዜ ተነሣ» የሚል ሰው የሺሕ ዓመቱን ሥራ ከሚሊዮኑ ጋር ያደባልቃል።

የዘመን ቈጠራው ጥቅም ስለ ሰውም ነው። በ2011 ዓ.ም. በታተመው ጥናት መሠረት፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በፊንጫ ሐበራ የዋሻ መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይቀመጡ ነበር። ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ፣ ለመሣሪያ የሚሆን ባልጩትም ከበላያቸው ካለው ከፍተኛ ሥፍራ ያመጡ ነበር። ሁለቱ ቍጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ እነዚህ ሰዎች በረዶው በሰፋበት ዘመን ከደጋው እንዳልራቁ ያስረዳሉ። ቍጥሩ ባይኖር በረዶውና ሰዉ በተለያየ ዘመን የኖሩ መስለው በቀሩ ነበር።

ስለዚህ የባሌን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ ብራናውን ብቻ ሳይሆን በተራራው ግርጌ ያለውንም ደለል ይመልከት። ለመንገድ ጠጠር ሲወጣ ወይም ጕድጓድ ሲቈፈር የተገለጠውን ንጣፍ፣ ጥልቀቱንና ሥፍራውን ይመዝግብ። ሥፍራው ያልተጻፈ አሸዋ ከመጽሐፉ እንደ ተቀደደ ገጽ ነውና፣ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ወደ ቦታው የሚመልሰው የለም።